ዓሣ አውጭን በባሕር ዳርቻ ለይቶ ለማወቅና አኗኗሩን ለማጥናት

ዓሣ አውጭ፣ በሌላ ስሙ ኦስፕሬይ፣ ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉራት በባሕር ዳርቻዎች፣ በወንዝ አፎችና በትልልቅ ሐይቆች ዙሪያ የሚታይ አዳኝ ወፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፓንዲዮን ሃሊኤተስ ሲሆን፣ ከንስርም ሆነ ከጭልፊት ወገን በብዙ ነገር ስለሚለይ ተመራማሪዎች የራሱ በሆነ ቤተሰብ መድበውታል። የሚበላው ከሞላ ጎደል ዓሣ ብቻ ነው። እግሩ፣ ላባው፣ አፍንጫው፣ ጎጆ የሚሠራበት ቦታና የሚሰደድበት ወቅት ሁሉ ከዚህ ምግብ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ወፉን በደንብ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዓሣው የት እንዳለና ውሃው ምን እንደሚመስል ቢጠይቅ፣ ግራ የሚያጋቡት የወፉ ጠባዮች አንድ በአንድ ይፈቱለታል። የሚከተለው መመሪያም የተጻፈው በዚህ እምነት ነው።

የት እና መቼ ይፈለጋል

ዓሣ አውጭ ጠልቆ የሚዋኝ ወፍ አይደለም። ከአየር ተወርውሮ ውሃ ሲገባ የሚደርሰው ከገጹ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ቦታ ዓሣ ወደ ላይ የሚወጣበት ወይም ውሃው ራሱ ጥልቀት የሌለው ሊሆን ይገባል፤ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ስፍራ፣ ከማዕበል የተከለለ ሰላጤ፣ የማንግሮቭ ዛፎች የበቀሉበት ዳርቻ፣ እንዲሁም በኮራል ድንጋይ ታጥሮ የረጋ ውሃ ሁሉ ይስማማዋል። ሙሌት የሚባለው ዓሣ በመንጋ ሆኖ ከገጹ አጠገብ የሚንቀሳቀስባቸው ዳርቻዎችን በተለይ ይመርጣል። ውሃው ሲደፈርስ ወይም ነፋስ ሲያናውጠው ወፉ ዓሣውን አጥርቶ ማየት ስለሚቸግረው፣ ነፋሱ ገና ያልበረታበት ማለዳ ለተመልካች የተሻለ ሰዓት ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ ግን የባሕሩ ውሃ የሚነሣበትና የሚወርድበት ጊዜ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። በአንዳንድ ዳርቻዎች ውሃው ሲወርድ ዓሣው በጠባብ ቦዮች ውስጥ ስለሚሰበሰብ ወፎቹ ያንን ጠብቀው ይመጣሉ፤ በሌሎች ደግሞ ውሃው ሲነሣ ዓሣው ምግብ ፍለጋ ወደ ዝቅተኛው አሸዋ ስለሚወጣ አደኑ የሚደምቀው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ በሚመለከቱበት ዳርቻ የትኛው እንደሚሠራ የሚነግርዎ የራስዎ ማስታወሻ ብቻ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የውሃውን ከፍታ ሁኔታ ከሰዓቱ ጎን ይጻፉ።

ወቅቱም እንደ አገሩ ይለያያል። በሰሜን አውሮፓና በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ክፍል ወፎቹ በማርችና በኤፕሪል መጥተው ይዋለዳሉ፤ ከኦገስት ጀምሮ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ከአውሮፓ የሚነሡት አብዛኛውን የቅዝቃዜ ወራት ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል፣ ከሰሜን አሜሪካ የሚነሡት ደግሞ በካሪቢያን፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ያሳልፋሉ። በቀይ ባሕር፣ በደቡብ ፍሎሪዳና በአውስትራሊያ ዳርቻዎች ያሉት ግን ዓመቱን ሙሉ ከቦታቸው አይለቁም። በቀይ ባሕር ደሴቶች ላይ የሚኖሩት እንቁላል የሚጥሉት ሙቀቱ በሚቀንስባቸው ወራት ነው። በአንድ ዳርቻ ላይ የሚታየው ወፍ ነዋሪ ይሁን መንገደኛ ሳይታወቅ ስለ ጠባዩ መደምደም ስለሚያሳስት፣ ይህን ልዩነት አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል።

ወፉ ራሱ ባይታይም እንኳ የሚያርፍበት ቦታ ምልክት አለው። ከውሃው አጠገብ የቆመ ደረቅ ዛፍ፣ የመርከብ መንገድ ማመልከቻ ምሰሶ ወይም ገደል ጫፍ ላይ ነጭ የኩስ መስመር ሲታይ፣ ከሥሩም የዓሣ አጥንት፣ ቅርፊትና የጅራት ቁራጭ ሲገኝ፣ በዚያ አካባቢ ደጋግሞ የሚቀመጥ ወፍ መኖሩ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ማረፊያ ካገኙ በኋላ በዳርቻው ላይ ወዲያና ወዲህ ከመዞር ይልቅ ርቆ መቀመጥና መጠበቅ ይሻላል።

ከሌሎች አእዋፍ እንዴት ይለያል

ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ150 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከሩቅ ሲታይ መጀመሪያ የሚለየው የክንፉ ቅርጽ ነው። ክንፉ ረጅምና ጠባብ ሲሆን፣ በመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ይህ ሰበር ያለ ቅርጽ ከንስሮች ሰፊና ቀጥ ያለ ክንፍ በግልጽ ይለየዋል። ከታች ሲታይ ሆዱና የክንፉ የፊት ክፍል ነጭ ነው፤ በክንፉ መገጣጠሚያ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ጀርባው ጥቁር ቡናማ ነው። ራሱ ነጭ ሆኖ ከምንቃሩ ጀምሮ በዓይኑ ላይ አልፎ እስከ ማጅራቱ የሚዘልቅ ጥቁር መስመር አለው፤ ቅርብ ርቀት ላይ ከሆነ ይህ መስመር ብቻውን ጥርጣሬን ያስወግዳል።

የአፍሪካ ዓሣ በል ንስር ራሱና ደረቱ ፍጹም ነጭ ሲሆን ሆዱ ቀይ ቡናማ ነው፤ በዓይኑ ላይ የሚያልፍ ጥቁር መስመርም የለውም። የሰሜን አሜሪካው ነጭ ራስ ንስርም ሆዱ ጥቁር ስለሆነ ለአካለ መጠን የደረሰው አያደናግርም። የሚያደናግሩት የንስሮቹ ወጣቶች ናቸው፤ ቀለማቸው ቡናማና ነጭ የተቀላቀለበት ስለሆነ በእነርሱ ላይ ቀለምን ትቶ የክንፍን ቅርጽ ማመን ይገባል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግን በንስር አይደለም፤ በሩቅ የሚበሩ ትልልቅ ነጫጭ የባሕር ወፎችን ዓሣ አውጭ አድርገው ይመዘግባሉ፤ አንዳንዴም ዓሣ አውጩን የባሕር ወፍ ነው ብለው ያልፉታል። የክንፉን አመታት ትንሽ ታግሶ መመልከት ልዩነቱን ያወጣዋል።

ዕድሜንና ጾታን መለየት ከተቻለ ማስታወሻው ይበልጥ ዋጋ ያገኛል። በመጀመሪያ ዓመቱ ያለ ወፍ የጀርባ ላባዎቹ ጫፍ ነጣ ያለ ስለሆነ ጀርባው የተዥጎረጎረ ይመስላል፤ ዓይኑም ብርቱካናማ ነው። የትልቁ ዓይን ቢጫ ነው። እንስቷ ከተባዕቱ በአካል ትበልጣለች፤ በደረቷ ላይም ጠቆር ያለ ቀለበት መሰል ምልክት ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ሆኖም ይህ ምልክት በአንዳንድ ተባዕት ላይም ስለሚኖር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ለዚህ ሁሉ 8 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላ ባይናኩላር ይበቃል። ጎጆ ለመከታተልና በወፉ እግር ላይ የታሰረ የመለያ ቀለበት ለማንበብ ግን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

አደኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል

ብዙ ሰው የሚያየው ወፉ ውሃውን ሲመታ የሚነሣውን ፍንጣቂ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች የበለጠ ያስተምራሉ። ወፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ውሃውን ያስሳል። ዓሣ ሲያይ ክንፉን በፍጥነት እያማታ፣ እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ በአንድ ቦታ ላይ በአየር ይቆማል። ዓሣው ከሸሸ ትቶ ይሄዳል፤ ካልሸሸ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደገና ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ ይህን ደጋግሞ በደረጃ ከወረደ በኋላ ነው ክንፉን አጥፎ የሚወረወረው። ውሃው ጋ ሊደርስ ሲል እግሮቹን ከራሱ ፊት ይዘረጋል፤ በዚህም ምክንያት መጀመሪያ ውሃ የሚነካው ጥፍሩ ነው። ሙሉ አካሉ ሊሰጥም ይችላል። ከዚያም ክንፉን በውሃው ላይ ዘርግቶ ጥቂት ያርፍና በብርቱ የክንፍ ምት ይነሣል፤ በአየር ላይ እንዳለ መላ አካሉን አራግፎ ውሃውን ይበትናል።

ይህ እንዲሆን ያስቻለው የእግሩ አሠራር ነው። የውጭኛው ጣቱ ወደ ኋላ ሊዞር ስለሚችል፣ ዓሣውን በሁለት ጣት ከፊት በሁለት ጣት ከኋላ አድርጎ ይይዘዋል። በመርገጫው ሥር ሹል የሆኑ ጥቃቅን እሾህ መሰል ቅርፊቶች አሉ፤ እነርሱ የሚያዳልጠውን ዓሣ እንዳያመልጥ ያደርጋሉ። ጥፍሮቹ ረጃጅምና በጣም የተቆለመሙ ናቸው። ውሃ ሲገባ አፍንጫው ይዘጋል፤ ላባውም ጥቅጥቅ ያለና ቅባታማ ስለሆነ ውሃው በቀላሉ አይዘልቀውም። ጥፍሩ ከተሰካ በኋላ ሊነቀል ስለማይችል ትልቅ ዓሣ ወፉን ጎትቶ ያሰጥመዋል የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ ወፉ ግን በፈለገ ጊዜ መልቀቅ ይችላል፤ የከበደውን ዓሣ ጥሎ የሚነሣበትም አጋጣሚ ሊታይ ይችላል።

ከተነሣ በኋላ ዓሣው በእግሮቹ ውስጥ እንዴት እንዳለ ይመልከቱ። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ የዓሣውን ራስ ወደ ፊት ያዞረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ነፋሱ ዓሣውን በጎኑ ስለማይመታው በረራው ይቀልለታል። የዓሣውን መጠን ለመገመትም ምቹ ጊዜ ይህ ነው። የወፉ ጅራት ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ዓሣውን ከጅራቱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። የሚያዙት ዓሦች አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ150 እስከ 300 ግራም ክብደት ያላቸው ናቸው።

በማስታወሻዎ ላይ አደኑ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ የተወረወረበትን ግምታዊ ከፍታ፣ ዓሣ መያዝ አለመያዙን፣ የዓሣውን መጠንና ወፉ የሄደበትን አቅጣጫ ይጻፉ። ጀምሮ የተወውን ውርወራ ውሃ ከነካበት ጋር ደባልቆ መቁጠር ውጤቱን ስለሚያዛባ፣ ሁለቱን በተለያየ ዓምድ ይያዙ። በተለያዩ ቦታዎች በተደረጉ ጥናቶች የተሳካው ውርወራ ከሩብ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል፤ ከፍለጋ እስከ መያዝ የሚፈጀው ጊዜም በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ነው። የእርስዎ ቁጥር ከዚህ በጣም ቢያንስ ውሃው ደፍርሶ እንደሆነ፣ ነፋስ በዝቶ እንደሆነ ወይም ወፉ ገና ልምድ የሌለው ወጣት እንደሆነ ይመርምሩ። ወጣቶቹ አደንን የሚለማመዱት ወላጅ ሳያሳያቸው በራሳቸው ሙከራ ነው፤ በዚህ ጊዜ ያለውን ድካማቸውን ከጎን ሆኖ መከታተል እጅግ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ዓሣውን ይዞ ወደ ደረቅ ዛፍ ከሄደ ከራሱ ጀምሮ ሲበላው ይታያል። ከበላ በኋላ ዝቅ ብሎ እየበረረ እግሩን በውሃው ላይ እየጎተተ የሚያጥብበት ልማድ አለው። በመዋለጃ ወቅት ዓሣውን ይዞ ሳያርፍ በቀጥታ መስመር ሩቅ የሚሄድ ወፍ ከታየ ግን በዚያ አቅጣጫ ጎጆ አለ ማለት ነው። ትልልቅ ንስሮች እንዲህ ዓሣ ይዞ የሚሄደውን ወፍ በማሳደድ አስጥለው ስለሚነጥቁት፣ ያጠመደው ሁሉ ለጫጩቶቹ ይደርሳል ብሎ መቁጠር አይገባም።

ጎጆን ሳይረብሹ መከታተል

ጎጆው ከዙሪያው ከፍ ባለና ሰማዩ ክፍት በሆነ ቦታ ላይ ይሠራል፤ የደረቀ ዛፍ አናት፣ ገደል፣ የመብራት ምሰሶ፣ በባሕር ላይ የተተከለ ምልክት፣ ሰዎች ሆን ብለው የሠሩለት መደብ ሁሉ ያገለግለዋል። ምድራዊ አዳኝ እንስሳት በሌሉባቸው ደሴቶች ላይ ግን በመሬት ላይ ሳይቀር ይሠራል፤ ይህ በቀይ ባሕር ደሴቶች የተለመደ ነው። እንጨቱን በአብዛኛው የሚያመጣው ተባዕቱ ሲሆን እንስቷ ታስተካክለዋለች። በየዓመቱ እዚያው ላይ ስለሚጨምሩበት የቆዩ ጎጆዎች 3 ሜትር ያህል ከፍታ ሊኖራቸው ይችላል። በወቅቱ መጀመሪያ ተባዕቱ ዓሣ ወይም እንጨት ይዞ ከጎጆው በላይ በከፍታ እየወጣና እየወረደ፣ እየጮኸም ሲበር ይታያል።

እንቁላሎቹ ከ2 እስከ 4፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ናቸው። ከ5 እስከ 6 ሳምንት ይታቀፋሉ፤ ተባዕቱ ቢያግዛትም አብዛኛውን ጊዜ የምትታቀፈው እንስቷ ናት፤ ምግብ የሚያቀርበው ደግሞ ተባዕቱ ነው። መታቀፍ የሚጀምረው የመጀመሪያው እንቁላል እንደተጣለ ስለሆነ ጫጩቶቹ በተለያየ ቀን ይፈለፈላሉ፤ ዓሣ በጠፋበት ዓመት ትልቁ እየበላ ትንሹ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞት ያየ ተመልካች ጎጆውን ከመውቀሱ በፊት የዚያን ሰሞን የተባዕቱን የአደን ማስታወሻ ቢያገላብጥ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ እዚያው ያገኘዋል። ጫጩቶቹ ከ50 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ መብረር ይጀምራሉ፤ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ወላጆቻቸው ይመግቧቸዋል።

ይህን ሁሉ ወደ ጎጆው ሳይቀርቡ ከሩቅ ማወቅ ይቻላል። እንስቷ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ራሷ ብቻ ከታየ ታቅፋለች። ከፍ ብላ መቀመጥ ከጀመረች፣ ዓሣ ሲመጣላትም ጥቂት ጥቂቱን እየቆረሰች ወደ ጎጆው ውስጥ ካጎነበሰች ጫጩት ተፈልፍሏል። ክንፏን ዘርግታ ከቆመች ለጫጩቶቹ ጥላ እየሆነች ነው። በሞቃት ዳርቻ ላይ ይህ ጥላ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ ሰው ቀርቦ እናቲቱን ካስነሣት እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ በፀሐይ በአጭር ጊዜ ሊሞት ይችላል። እኔ ከ300 ሜትር በላይ መራቅን፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳማ ደሴት ላይ ደግሞ ከዚህም የበለጠ መራቅን እመክራለሁ። ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ወፏ ተነሥታ ከቆመች፣ ሳታቋርጥ ከጮኸች ወይም ከጎጆው ከተነሣች በጣም ቀርበዋልና ወዲያውኑ ይመለሱ። ድሮንን ከጎጆ በላይ ማብረር በምንም ምክንያት አይገባም።

የጎጆውን ትክክለኛ ቦታ በአደባባይ አለመግለጽም ከጥንቃቄው አንዱ ክፍል ነው። በስኮትላንድ ወፉ በአዳኞችና በእንቁላል ሰብሳቢዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1916 አካባቢ መዋለድ ካቆመ በኋላ በ1954 በሎክ ጋርተን ሐይቅ አጠገብ ተመልሶ ጎጆ ሠራ፤ በ1958 ግን እዚያ የነበረው ጎጆ በሌሊት በመጣ እንቁላል ሌባ ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ዋተርስተን የመሩት የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ሥራ ጎጆውን ቀንና ሌሊት እያስጠበቀ፣ ሕዝቡ ከተወሰነ ቦታ በቴሌስኮፕ እንዲያይ ፈቀደ። ይህ አሠራር ተመልካችንም ወፉንም የሚያስማማ ሆኖ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ስለዚህ በአካባቢዎ የተዘጋጀ መመልከቻ ካለ የራስዎን ስውር ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ያንን ይምረጡ።

በሚሰበሩ እንቁላሎች ላይ የታየውም ጉዳት ከዓሣው የመጣ ነበር። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ ከእርሻ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፉ እየተከማቸ የእንቁላሉን ቅርፊት ስላሳሳው፣ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወፎቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእጅጉ ተመናመኑ። አሜሪካ መርዙን በ1972 ከከለከለች በኋላ፣ ሰዎች በየዳርቻው ባቆሟቸው የጎጆ መደቦችም ታግዞ ቁጥራቸው አገገመ። ዛሬ በቼሳፒክ ሰላጤ በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የመዋለጃ ስፍራዎች አንዱ ይገኛል።

ቀለበትና የጉዞ ታሪክ

ብዙ ወፎች በጫጩትነታቸው እግራቸው ላይ የብረት ቀለበትና ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት ይደረግላቸዋል። ወፉ ከፍ ባለ ማረፊያ ላይ ሲቀመጥ በቴሌስኮፕ ማንበብ ይቻላል። የቀለበቱን ቀለም፣ ያለበትን እግር (ቀኝ ወይም ግራ የሚባለው በወፉ በራሱ በኩል ነው) እና ጽሑፉን በሙሉ ይመዝግቡ፤ አንድ ፊደል ካልታየ በግምት አይሙሉት፤ ባዶውን ይተዉት። ማስታወሻውን በአገሩ ላለ የቀለበት መዝገብ ተቋም ሲልኩ ወፉ የተወለደበትን ቦታና ዓመት ሊነግሩዎት ይችላሉ። አንዳንዶቹ ከ20 ዓመት በላይ ኖረዋል።

ጉዞው ለብቻ የሚደረግ ነው። እንስቷ ቀድማ ትሄዳለች፤ ተባዕቱ ወጣቶቹን እየመገበ ይቆያል፤ ወጣቶቹም በመጨረሻ ማንም ሳይመራቸው ሰሃራን ወይም ባሕርን ይሻገራሉ። የተሳካላቸው የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ በሞቃቱ አገር ያሳልፋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው የሚመለሱት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመታቸው ነው። እንግዲህ አፍሪካ ውስጥ በጁን ወይም በጁላይ የሚታይ ዓሣ አውጭ የታመመ ወይም መንገድ የጠፋው ሳይሆን ወጣት ሊሆን ስለሚችል፣ የጀርባውን ላባና የዓይኑን ቀለም አይቶ መመዝገብ ይገባል።

የተጠላለፈ ወፍ ሲያጋጥም

ወፎቹ ለጎጆ ማልበሻ ገመድ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክርና ፕላስቲክ ይለቅማሉ፤ ጫጩቶችም በዚህ ክር እግራቸው ታስሮ ይሞታሉ። ከመዋለጃው ወቅት በፊት በዳርቻው የወደቀውን ክር መሰብሰብ ማንኛውም ሰው ሊያደርገው የሚችል ጠቃሚ ሥራ ነው። በጎጆ ላይ የተጠላለፈ ጫጩት ካዩ ወደ ላይ አይውጡ፤ ለመብረር የቀረቡ ሌሎች ጫጩቶች ደንግጠው ሊዘሉ ስለሚችሉ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። መሬት ላይ የወደቀ ትልቅ ወፍ ከሆነና ባለሙያ ቶሎ መድረስ ካልቻለ፣ ወፍራም ጨርቅ በራሱና በክንፉ ላይ ይጣሉ፤ ጉዳት የሚያደርሰው ከምንቃሩ ይልቅ ጥፍሩ ስለሆነ መጀመሪያ ሁለቱን እግሮች አጥብቀው ይያዙ። ሥጋው ውስጥ የገባ ክር ወይም መንጠቆ ካለ አይጎትቱ፤ ከውጭ የተንጠለጠለውን ብቻ ይቁረጡ። አየር በሚገባበት ጨለማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው፣ በአፉ ውሃም ምግብም ሳይጨምሩ ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ጸጥ ያለ ቦታ ያቆዩት።